በሰው ድንጋይ ያጌጠች ከተማ

ሮም ውስጥ ከጥንት ዘመን የተረፉ፣ ከወጥ ድንጋይ የተጠረቡ 13 ረጃጅም ሐውልቶች ቆመዋል። ስምንቱ ከግብፅ በመርከብ ተጭነው የመጡ ናቸው፤ አምስቱን ሮማውያን የግብፁን አይተው ራሳቸው ያሠሯቸው ናቸው። በዓለም ላይ ይህን ያህል ሐውልት የሰበሰበ ሌላ ከተማ የለም። ከስልሳ ዓመት በላይ ደግሞ አሥራ አራተኛ ነበራቸው፤ እሱ ከአክሱም የተወሰደው ነው። ከተጋዙት ሁሉ ወደ አገሩ የተመለሰው የኛው ብቻ ነው። ዕድሜዬን ታሪክ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ሮምን የዞርኩት ይህን ሒሳብ በአእምሮዬ ይዤ ነው። እያንዳንዱን ድንጋይ «አንተስ ከየት መጣህ?» እያልኩ።

በእኛ በሃዲያ አካባቢ ውጭ አገር ማለት ደቡብ አፍሪካ ነው። የጃጁራም የሆሳዕናም ወጣት ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ማላዊንና ሞዛምቢክን አቆራርጦ ጆሃንስበርግ ይወርዳል፤ መንገድ ላይ የቀረውን እግዜር ይቁጠረው። ሮም ልሄድ ነው ስል ታዲያ ጎረቤቶቼ «እዚያ ደግሞ ማን አለህ?» ነበር ያሉኝ። የአክስቴ የልጅ ልጅ አለች። በዕድሜ የገፉ አንዲት ጣሊያናዊት ታስታምማለች። እዚያ አገር በሰው ቤት የሚሠራ ሰው ዕረፍቱ ሐሙስ ከሰዓትና እሁድ ነው፤ ከተማዋን ከእሷ ጋር ያየሁት በእነዚያ ሰዓታት ነው። በሌላው ቀን ውሃ የያዘ ኮዳና የአውቶቡስ ትኬት ይዤ ብቻዬን ነበርኩ።

መጀመሪያ ያሳየችኝ ተርሚኒ የሚባለውን ባቡር ጣቢያ ነው። ሐበሻ የሚቀጣጠርበት፣ አውቶቡስ የሚጠብቅበት፣ የአገሩን ወሬ የሚሰማበት ቦታ ነው። «ጋሼ፣ ይህ የቆሙበት አደባባይ ስሙን ያውቁታል?» አለችኝ። የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል። አምስት መቶዎቹ በ1879 ዓ.ም. ምጽዋ አቅራቢያ ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሷቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። ስንቱ ሐበሻ በየቀኑ እዚያ ቆሞ ስልኩን ይነካካል፤ ያገሩ ሰው ባሸነፈው ጦር ስም በተሰየመ አደባባይ ላይ መቆሙን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

ከጣቢያው ትንሽ ፈቀቅ ብሎ፣ ከዲዮቅልጥያኖስ የጥንት መታጠቢያ ቤት ፍራሽ አጠገብ፣ በዛፎች መካከል አንድ አነስተኛ ሐውልት አለ። ድንጋዩ የዳግማዊ ራምሴስ ነው፤ የግብፅ ጽሕፈት ተቀርጾበታል። ከሥሩ ያለው መሠረት የዶጋሊ ሙታን መታሰቢያ ነው። ልብ በሉ፤ ጣሊያኖች በኢትዮጵያ ጦር የሞቱባቸውን ወታደሮች ሊያስቡ ሲፈልጉ ያቆሙት ከሌላ አፍሪካዊ አገር የመጣ ድንጋይ ነው። በ1929 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ ባቡር ጣቢያ ፊት የነበረውን በወርቅ የተለበጠ የይሁዳ አንበሳ ነቅለው አምጥተው እዚሁ መታሰቢያ ሥር አስቀመጡት። ኤርትራዊው ዘርዓይ ደረስ በሰኔ 1930 ዓ.ም. አንበሳውን ሲያይ ጎራዴውን የመዘዘው እዚህ ነው። ስንት ሰው እንደጣለ ወሬውና ሰነዱ አይስማሙም። ቆስሎ መያዙ፣ ወደ አእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መላኩና በ1937 ዓ.ም. ሲሲሊ ውስጥ መሞቱ ግን የተጻፈ ነው። አንበሳው ተመልሶ ዛሬ አዲስ አበባ ለገሀር ቆሟል። እኔ በሄድኩበት ቀን በሐውልቱ ጥላ ሥር ሁለት ስደተኞች ካርቶን አንጥፈው ተኝተው ነበር። ከየት እንደሆኑ አልጠየቅኋቸውም።

ኮሎሲየምን ብዙ አልጽፍበትም፤ ያልጻፈበት የለም። ትኬቱ አስቀድሞ በስም የሚቆረጥ ነው፣ ሰልፉ ረጅም ነው፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። በር ላይ የጥንት ወታደር መስለው ቀይ ካባ የለበሱ ሰዎች ፎቶ አንሱን ይሉና ገንዘብ ይጠይቃሉ። በውስጡ 50,000 ያህል ሕዝብ ተቀምጦ ሰው ከሰውና ከአውሬ ጋር ሲገዳደል ይመለከት ነበር፤ ሥራው እ.ኤ.አ. በ80 ተመርቆ ተከፈተ። የገነቡት ከኢየሩሳሌም በዘረፉት ሀብት እንደሆነ የሚያምኑ ሊቃውንት አሉ። አለማመን ያስቸግራል፤ ጥቂት ፈቀቅ ብሎ ያለው የቲቶ ቅስት በር ራሱ ዘረፋውን በድንጋይ ላይ ያሳያልና። ከውስጠኛው ግድግዳ በአንዱ ጎን ወታደሮች የቤተ መቅደሱን ባለ ሰባት ቅርንጫፍ መቅረዝ በትከሻቸው ተሸክመው ይሄዳሉ። ፊታቸው በዘመን ብዛት ተልጦ ጠፍቷል፤ መቅረዙ ግን አሁንም ጎልቶ ይታያል። ዘርፎ የሚደብቅ ሌባ አውቃለሁ። ዘርፎ በቅስት በር ላይ የሚቀርጽ መንግሥት ያየሁት ሮም ላይ ነው።

ኮሎሲየሙ አጠገብ የቆስጠንጢኖስ ቅስት በር አለ። የኔ ትውልድ ሰው ይህን በር የሚያውቀው በቆስጠንጢኖስ አይደለም፤ በአበበ ቢቂላ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ለዘመን መለወጫ አንድ ሌሊት ሲቀር፣ በባዶ እግሩ 42 ኪሎ ሜትሩን ጨርሶ በችቦ ብርሃን የገባው እዚህ በር ላይ ነው፤ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። ከሥሩ ያለውን የጥቁር ድንጋይ ንጣፍ ጎንበስ ብዬ በእጄ ዳሰስኩት። ጠርዙ ይቆረቁራል። አንድ ጠባቂ የጠፋብኝ ነገር ያለ መስሎት ተጠግቶ ጠየቀኝ፤ «አበበ ቢቂላ» አልኩት። ሽማግሌ ነበርና ሳቀ፣ እግሩን አንስቶ ጫማውን አሳየኝ፣ ጣቱንም አወዛወዘ። ከዚያ በላይ መነጋገር አላስፈለገንም።

ከዚያ በእግር ብዙ ሳይርቅ ፖርታ ካፔና ይደረሳል። የአክሱም ሐውልት የቆመው እዚህ ነበር፤ 24 ሜትር ቁመት፣ 160 ቶን ገደማ ክብደት። በጥቅምት 1930 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ሥልጣን የያዘበት 15ኛ ዓመት ሲከበር አስመረቁት። ከኋላው ያለው ትልቅ ነጭ ሕንፃ የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር እንዲሆን የታቀደ ነበር፤ በኋላ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ገባበት። ጣሊያን በ1939 ዓ.ም. በተፈራረመችው የሰላም ውል የወሰደችውን ሁሉ በ18 ወር ውስጥ ልትመልስ ቃል ገባች። 18 ወሩ 58 ዓመት ሆነ። አበበ ቢቂላ በዚያ ሌሊት ለመጨረሻ ጊዜ ፍጥነት የጨመረው በዚህ ሐውልት አጠገብ ሲያልፍ እንደነበር ይነገራል። በ1994 ዓ.ም. መብረቅ ጫፉን መታው። ከዚያ ወዲያ ነው ነገሩ የተፋጠነው። ሦስት ቦታ ተፈታትቶ በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. በአንቶኖቭ አውሮፕላን በሦስት በረራ አክሱም ደረሰ፤ ነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም. በቆመበት ተመረቀ።

ዛሬ በአደባባዩ ጥግ ሁለት የጥንት ዓምዶች ቆመዋል። በኒውዮርኩ የሽብር ጥቃት ለሞቱት መታሰቢያ ናቸው፤ ጥቃቱ የደረሰው በእኛ አቆጣጠር በ1994 ዓ.ም. ዕንቁጣጣሽ ዕለት ነው። ለሙታኑ ነፍስ ይማር። ግን ስለ አክሱም፣ ለዚያን ያህል ዘመን ከኛ ተነጥቆ እዚሁ ስለ መኖሩ የሚናገር አንዲት መስመር ጽሑፍ ፈልጌ አላየሁም። መኪናው ይጎርፋል፣ ቱሪስቱ ወደ ሰርከስ ማክሲመስ ያቀናል። ድንጋዩ መመለሱ ደስ ይላል። ታሪኩም አብሮ ተነቅሎ የሄደ ማስመሰል ግን ሌላ ነገር ነው።

ሰርከስ ማክሲመስ ከአደባባዩ ፊት ለፊት የተዘረጋ ረጅም የሣር ሜዳ ነው፤ ጥንት የሠረገላ ውድድር ይካሄድበት ነበር። ይህ ሜዳ ነው ወደ ላተራን የወሰደኝ። አሁን በቅዱስ ዮሐንስ ላተራን ቤተ ክርስቲያን ደጅ የቆመው የግብፅ ሐውልት መጀመሪያ ሮም ሲመጣ የተተከለው እዚህ ሜዳ መካከል ነበር። ፈርዖን ሣልሳዊ ቱትሞስ ለካርናክ ቤተ መቅደስ ያስጠረበው ነው፤ ቁመቱ 32 ሜትር ነው፤ በዓለም ላይ እስከ ዛሬ ከቆሙት የግብፅ ሐውልቶች ሁሉ ትልቁ ነው። ቆስጠንጢኖስ ከካርናክ አስነቅሎ እስክንድርያ አደረሰውና ሞተ። ሮም ያመጣው ልጁ ንጉሥ ቆንስጣንጥዮስ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ357። በኋላ ወድቆ አፈር ለበሰው፤ ከአፈር ሲወጣ ሦስት ቦታ ተሰብሮ ተገኘ፤ ጳጳስ ሲክስቶስ አምስተኛ እ.ኤ.አ. በ1588 ላተራን ላይ አስተከሉት።

ቆንስጣንጥዮስ የሚለውን ስም ሳነብ ከመንገዱ ጠርዝ ተቀመጥኩ። ተማሪዎቼን ስንት ዓመት በዚህ ስም አስጨንቄያለሁ! ለአክሱሙ ንጉሥ ለኢዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና ደብዳቤ የጻፈ ንጉሥ ነው። እ.ኤ.አ. በ356 ገደማ ነው የጻፈው። አትናቴዎስ የቀባውን ፍሬምናጦስን፣ እኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለውን፣ ወደ እስክንድርያ ላኩልኝ፣ ሃይማኖቱ እንደገና ይመርመር ይላል የደብዳቤው ሐሳብ። አባ ሰላማ የትም አልሄዱም። እንግዲህ ይህ ንጉሥ በአንድ እጁ ወደ አክሱም ደብዳቤ ሲጽፍ በሌላው ይህን ድንጋይ ከአባይ ወደ ቲበር ያስጭን ነበር። አክሱም ውስጥ ደግሞ ትልልቆቹ ሐውልቶች የሚጠረቡት በዚያው መቶ ዓመት ነው። ከ1,580 ዓመት በኋላ የአክሱሙ ድንጋይ ተጭኖ መጥቶ የቱትሞስ ሐውልት በመጀመሪያ ከተተከለበት ሜዳ ፊት ለፊት ቆመ። ይህን ልብ ወለድ ጸሐፊ ቢያመጣው «አበዛኸው» ይባላል።

ከላተራን አደባባይ ወደ ፖርታ ካፔና አቅጣጫ የሚወርድ መንገድ አለ፤ ስሙ አምባ አራዶም ነው። በየካቲት 1928 ዓ.ም. የራስ ሙሉጌታ ጦር በመድፍ፣ በአውሮፕላንና በመርዝ ጋዝ የተፈጀበት ተራራ ነው። በሰፈሩ ይሠራ የነበረው የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያም መጀመሪያ የታሰበለት ስም ይኸው ነበር፤ በ2012 ዓ.ም. ተቃውሞ ተነሥቶ ሌላ ስም ተሰጠው። መንገዱ ግን ስሙን እንደያዘ ነው። በግራና ቀኙ ፋርማሲ፣ ባር፣ የልብስ እጥበት ቤት። የሚጣፍጥ ቡና ጠጣሁበት፤ ምን ላድርግ።

እዚያው ላተራን ፊት ለፊት ቅዱስ ደረጃ የሚባል አለ። ክርስቶስ በጲላጦስ ፊት ሲቆም የወጣበት ደረጃ ነው፣ የቆስጠንጢኖስ እናት ንግሥት እሌኒ ከኢየሩሳሌም አስመጣችው ይላሉ። 28 የእብነ በረድ እርከን ነው፤ በእንጨት ተሸፍኗል፤ በእግር መውጣት ክልክል ነው፣ በጉልበት ብቻ። በሁለቱም ጎን እንደኔ ላለው የሚወጣበት ተራ ደረጃ አለ።

እኔ በመካነ ኢየሱስ ያደግሁ ሰው ነኝ። ማርቲን ሉተርም ገና መነኩሴ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1510 ገደማ ሮም መጥቶ፣ ይህንኑ ደረጃ በጉልበቱ እንደወጣና ጫፍ ሲደርስ እውነት መሆኑን ማን ያውቃል ብሎ እንደተጠራጠረ በቤተ ክርስቲያናችን ይወራል። ስለዚህ ቆሜ ልታዘብ ነበር የገባሁት። አንዲት ወፍራም እናት ከፊቴ ነበሩ። በአንዱ እጃቸው መቁጠሪያ፣ በሌላው ከዘራ። አንድ እርከን ይወጣሉ፣ ግንባራቸውን እንጨቱ ላይ ያሳርፋሉ፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ይተነፍሳሉ፣ ደግሞ ሌላውን። እንጨቱ መካከሉ ላይ በጉልበት ብዛት ጎድጉዷል። በ2011 ዓ.ም. ለጥገና እንጨቱ ሲነሣ ሥሩ ያለው እብነ በረድም እንደዚሁ ተቦርቡሮ ተገኝቷል። ሴትዮዋ አሥረኛው ላይ ሲደርሱ እኔ በጎን ደረጃ ወጥቼ ጨርሼ ነበር። ላይ ሆኜ ጠበቅኋቸው፤ ለምን እንደጠበቅኋቸው አላውቅም። ሲደርሱ አንዲት ወጣት ደግፋ አነሣቻቸው፤ ጉልበታቸውን እያሹ በጣሊያንኛ አንድ ነገር አሉና ሁለቱም ሳቁ። ሃይማኖታዊ ክርክሬ ያን ቀን አልተነሣም። ጃጁራም የካቶሊክ ጎረቤቶች አሉኝ፤ ሆሳዕና ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የራሷ ሐዋርያዊ ቪካርያት ያላት ከተማ ናት። ለቅሶም ሠርግም አብረን እንውላለን። ስለ ሥዕልና ስለ ምስል ስንከራከር ኖረናል፣ ግን የሚሰግዱለትን ቦታ እንዲህ ቀርቤ አይቼ አላውቅም ነበር።

ቫቲካን የሄድነው እሁድ ነው። ትከሻና ጉልበት ካልተሸፈነ አይገባም፤ ነጠላ ያላት ሐበሻ አትቸገርም። ከበርኒኒ 284 ዓምዶች መካከል ተሰልፈን፣ በፍተሻ አልፈን ደጀ ሰላሙ ደረስን። ሰው ሁሉ ወደ ውስጥ ይጣደፋል፤ እኔ መካከለኛው በር ላይ ቆምኩ። ይህ የነሐስ በር በዕድሜ ከአሁኑ ሕንፃ ይበልጣል። ፊላሬቴ የሚባል ቀራጭ እ.ኤ.አ. ከ1433 እስከ 1445 ለአሮጌው ቤተ ክርስቲያን የሠራው ነው፤ አዲሱ ሲያልቅ አምጥተው ገጠሙት። ትልልቆቹ ሰሌዳዎች ላይ ክርስቶስ፣ ድንግል ማርያም፣ ጴጥሮስና ጳውሎስ አሉ። በሰሌዳዎቹ መካከል ግን ቀጫጭን መስመሮች ተቀርጸዋል፣ ስንዝር ያህል ቁመት ያላቸው። ዓይን ካልተጠጋ አይታይም። ከነዚያ በአንዱ ላይ ካባና ቆብ ያደረጉ መነኮሳት ይታያሉ፤ ጳጳስ አውጋንዮስ አራተኛ ፊት ይቀርባሉ፣ ሮምም ይገባሉ። እ.ኤ.አ. በ1441 ለፍሎረንስ ጉባኤ የመጡት የግብፅና የኢትዮጵያ መነኮሳት መልእክተኞች ናቸው። ኢትዮጵያውያኑ የመጡት ከኢየሩሳሌም ገዳማችን ነው።

በዚያ ጊዜ በአገራችን የነገሠው ዘርዓ ያዕቆብ ነው። ዘርዓ ያዕቆብ ደግሞ የሃዲያውን ገራድ የመሐመድን ልጅ አገባ፤ እቴጌ እሌኒ የምንላት፣ በኋላ በልብነ ድንግል ልጅነት አገር ያስተዳደረች፣ ማቴዎስ የሚባለውን አርመናዊ መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል የላከች ያቺ ሴት ናት። የኛ ሰው ናት። የመነኮሳቱ ምስል ሮም ውስጥ በነሐስ ሲፈስ የሃዲያ ልጅ በሸዋ ቤተ መንግሥት ውስጥ ነበረች ወይም ልትገባ ደጅ ላይ ነበረች። የአክስቴን የልጅ ልጅ ጠርቼ አሳየኋት። «ጋሼ፣ እዚህ ስንት ጊዜ መጥቻለሁ፤ አንድም ሰው አልነገረኝም» አለች። ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሣች፣ ከዚያ ከኋላ ያሉት ገፉንና ገባን።

ውስጡን ሰው በሰፊው ጽፎበታል። የጴጥሮስን የነሐስ ሐውልት ግን ልንገራችሁ። ተቀምጦ ቀኝ እግሩን ወደፊት ዘርግቷል። ምእመኑ በስንት መቶ ዓመት እየዳሰሰና እየሳመ ጣቶቹ ጠፍተዋል፤ እግሩ እንደ ሳሙና ልሟል። ሰልፍ ይዤ እኔም በእጄ ነካሁት። ቀዝቃዛ ነው። የአክስቴ የልጅ ልጅ «ጋሼ፣ ለፓስተሩ እናገራለሁ!» ብላ ሳቀችብኝ።

ወደ ጉልላቱ 551 ደረጃ አለው፤ ከፊሉን በአሳንሰር ማሳጠር ይቻላል፤ አሳጠርነው። የላይኛው ክፍል ጠባብ ነው፣ ግድግዳው እየታጠፈ ስለሚሄድ ሰውም አንገቱን እያዘነበለ ይወጣል። ጫፍ ላይ ወጥቶ ወደ አደባባዩ የማይመለከት የለም። እናንተ ግን ዞራችሁ ወደ ጓሮ ተመልከቱ። በቫቲካን የአትክልት ቦታ መካከል የኢትዮጵያ ኮሌጅ አለ፤ በጳጳስ ፒዮስ 11ኛ ዘመን የተሠራ ነው። ከቤተ መቅደሱ ጀርባ ደግሞ ቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሾች የሚባል አነስተኛ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች የተሰጠ ነው። በፈቃድ ካልሆነ አይገባም። ከግራኝ ጦርነት የሸሹት የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን የተቀመጡት እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1548 እና 1549 የግእዙን ሐዲስ ኪዳን ሮም ላይ አሳተሙ። አታሚዎቹ ፊደሉን አያውቁ፣ እሳቸው ማተም አያውቁ፤ እንዲህ ተያይዘው ጨረሱት። ሮም የሰው ድንጋይ ብዙ ወስዳለች፤ ይህን ግን ሰጥታናለች፣ መመስከር አለብኝ።

በመጨረሻ ፓንቴዮን። ንጉሥ ሐድርያኖስ ያሠራው ነው፤ ለአማልክት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ609 ቤተ ክርስቲያን ሆነ። አገሬ ጎጆ ቤት ውስጥ ብትገቡ መካከል ላይ ጣሪያውን የሚሸከም ምሰሶ አለ፤ እዚህ 43 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ጣሪያ ያለ ምንም ምሰሶ ተንሳፍፏል። አናቱ ላይ ክፍት ቀዳዳ አለው። የገባሁ ዕለት ዘነበ፤ ዝናቡ ቤተ ክርስቲያኑ መካከል ቀጥ ብሎ ወረደ፣ ወለሉ ላይ ባሉ ትንንሽ ቀዳዳዎችም ሰረገ። ሰው ዙሪያውን ቆሞ ውሃውን ያያል።

እኔ የሄድኩት ለቀዳማዊ ኡምቤርቶ መቃብር ነበር። የውጫሌ ውል ሲፈረምም፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ጦሩ ሲያልቅም የጣሊያን ንጉሥ እሱ ነበር። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1900 በጥይት ተገደለ። መቃብሩ አጠገብ የክብር ጠባቂ ነን የሚሉ በጎ ፈቃደኞች ይቆማሉ፤ መዝገብ ዘርግተው ያስፈርማሉ። አንድ ሸበቶ ሰው ብዕር ሰጠኝ። ስሜን ጻፍኩ፣ «ጃጁራ፣ ኢትዮጵያ» አልኩ። ከጎኑ አድዋ ብዬ ልጨምር እጄ ቃጣ፤ ተውኩት። የሞተ ሰው ላይ ቀልድ አይወደድም፣ ሽማግሌውም በአክብሮት ነበር የተቀበለኝ። ራሱን የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ብሎ የሰየመው ልጁ ሣልሳዊ ቪቶሪዮ ኢማኑኤል ግን እዚህ የለም። በስደት እስክንድርያ ሞተ፤ አጽሙ በ2010 ዓ.ም. ወደ ጣሊያን ሲመለስ ከቤተሰቡ አንዳንዶቹ ፓንቴዮን ይግባልን ቢሉም በሰሜን ጣሊያን ገጠር ተቀበረ። ያን ማታ ከአገር በያዝኩላት ቡላ የአክስቴ የልጅ ልጅ አታካና ሠራች፣ ቅቤውን ሳትሰስት። አሮጊቷ ጣሊያናዊትም ቀመሱ፤ ሁለተኛ ጠየቁ።

ሮም ለምትኖሩ ወገኖች አንድ ነገር ልለምን። ልጆቻችሁን ኮሎሲየም ከማስገባታችሁ በፊት አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ላተራን ውሰዷቸው። የቆንስጣንጥዮስን ድንጋይ አሳዩአቸው፣ ለኢዛና ስለጻፈው ደብዳቤ ንገሯቸው። ከዚያ በአምባ አራዶም መንገድ ወርዳችሁ፣ በካራካላ የጥንት መታጠቢያ ቤት በኩል አድርጋችሁ ፖርታ ካፔና ድረሱ፣ የአክሱሙ የቆመበትንም ቦታ አሳዩአቸው። መንገዱ ለልጅ እግር የሚከብድ አይደለም። ትኬት የለውም፤ ሰልፍም የለውም።